መድኃኒት አልሰማ ያለ ሕመምና የዘነበወርቅ መዝገብ

«መድኃኒቱ አልሰማ አለኝ» ማለት የታማሚ ቅሬታ ነው። ያው አባባል በሐኪም እጅ ተጽፎ ካርድ ላይ ሲሰፍር ግን ምስክርነት ይሆናል፤ ምስክር ደግሞ ምን እንዳየ፣ መቼ እንዳየና ስንት ጊዜ እንዳየ ይጠየቃል። ክላስተር የሚባለው ከባድ የራስ ምታት በአገራችን ሳይታወቅ፣ ሳይመዘገብና ትክክለኛ የበሽታ መለያ ኮዱን ሳያገኝ የሚቀረው መድኃኒት ስለጠፋ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። በእኔ እምነት ከመድኃኒቱ ቀድሞ የጠፋው የመመዝገብ ልማድ ነው፤ ልማዱም ለኢትዮጵያ ሕክምና እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ የሥጋ ደዌ ሐኪሞች «መድኃኒት አልሰማ ያለ» የሚለውን ቃል ያለ ማስረጃ ላለመጻፍ ብለው ለወራትና ለዓመታት የደከሙበት ታሪክ አለ። የራስ ምታት ሕክምናችን ሊማርበት የሚገባው ታሪክ ይኸው ነው።

በቅድሚያ ሕመሙን እንወቀው። ክላስተር የሚለውን ቃል የአገራችን ሰው ከክላስተር እርሻ ጋር ለምዶታል፤ ኩታ ገጠም ማሳ አንድ ላይ ሲታረስ ማለት ነው። ራስ ምታቱም ስሙን ያገኘው ከመሰባሰቡ ነው፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት በየቀኑ ይመላለስና ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ድራሹ ይጠፋል። ሲነሣ በአንድ ወገን፣ በዓይን ዙሪያ ወይም ከቅንድብ በላይ ነው፤ ከሩብ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ በሁለት ቀን አንዴ ሊሆን ይችላል፣ በቀን ስምንት ጊዜም ሊደርስ ይችላል። በሚያመው ወገን ዓይን ይቀላል፣ እንባ ይወርዳል፣ አፍንጫ ይታፈናል፣ የዓይን ቆብ ይወድቃል። ማይግሬን ያለበት ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ ጸጥ ብሎ መተኛት ይሻል። ክላስተር የያዘው ግን መተኛትም መቀመጥም ያቅተዋል፤ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ እየተወዛወዘ ክፍሉን ይዞራል፣ ይንጎራደዳል። ብዙ ጊዜ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ሌሊት፣ በዚያው በለመደው ሰዓት ነው። ታማሚው ጤና ተቋም የሚደርሰው ግን ጠዋት ነው፤ ያኔ ዓይኑ ነጥቷል፣ እንባው ደርቋል፣ ፊቱ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ «ሳይነስ ነው» ይባላል፣ ወይም ደህና ጥርሱ ይነቀላል፣ ወይም የዓይን ጠብታ ይታዘዝለታል። ወቅቱ አልፎ ሕመሙ ሲጠፋም የመጨረሻው ሙከራ እንዳዳነው ይቆጠራል።

አባቶቻችን የሕመምን ጠባይ አይለዩም ነበር ማለት አይቻልም። በክታቦች ላይ ፍልጸት፣ ውግዓትና ቁርጸት ተለይተው ይጠራሉ፤ የሚፈልጠው፣ የሚወጋውና የሚቆርጠው ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን «ራሴን አመመኝ» ያለ ሰውና «ራሴን ፈለጠኝ» ያለ ሰው አንድ ነገር አልተናገሩም። የዘመኑ የራስ ምታት ምደባ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ክላስተር መሆኑን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ እስከ ዛሬ የለም፤ የራስ ምስል የሚነሣውም ዕጢና መሰል ምክንያት እንዳይኖር ለማጣራት ነው። ሐኪሙ ሕመሙን የሚለየው እንዴት እንደሚያም፣ የት እንደሚያም፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጠይቆ ነው። ክታቡ ሌላም ቁም ነገር ነበረው፤ የባለቤቱን የክርስትና ስም ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ሰው ስም የተጻፈና ሕመሙን በጠባዩ የጠራ ሰነድ ነው፤ እንደ ዋዛ የሚታይ አይመስለኝም። የማይገኝበት ነገር የሕመሙ ታሪክ ነው። ዋግምት ተደርጎ እንደሆነ፣ ዳማከሴ ተጨምቆ እንደሆነ፣ ከዚያስ በኋላ ስንት ቀን እንዳመመው ክታቡ አይናገርም።

በሌላው ዓለምም ስሙ ቶሎ አልረጋም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1745 የቪየና ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ጌራርድ ቫን ስዊተን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከዓይን በላይ የሚነሣ ሕመም ጽፎ ትቷል። በ1926 እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ሃሪስ፣ በ1939 አሜሪካዊው ባያርድ ሆርተን እያንዳንዳቸው የተለያየ ስም ሰጡት፤ በ1947 ስዊድናዊው ካርል-አክሰል ኤክቦም ስለ ሕክምናው ጻፈ፤ ሕመሙ ተሰባስቦ መምጣቱን የሚያመለክተው አጠራር የመጣው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር መለያ መስፈርቱን በ1988 አወጣ፤ ሦስተኛው እትም በ2018 ወጣ። የኮዱ ታሪክ ደግሞ ለብቻው ነው። የበሽታዎች ዓለም አቀፍ መለያ መነሻው ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን በ1893 ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነበር፤ ሙታንን ለመቁጠር የተሠራ ዝርዝር ማንንም የማይገድል ራስ ምታት ቢዘነጋ አያስገርምም። ዘጠነኛው እትም ክላስተርን በማይግሬን ዓይነቶች ሥር ደብቆት ነበር። ዐሥረኛው ጂ44.0 የሚል የራሱን ቦታ ሰጠው። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ አር51 የሚል ሌላ ኮድ አለ፤ «ራስ ምታት» ብቻ ማለት ነው። ሐኪሙ ካርዱ ላይ «ራስ ምታት» ብሎ ካለፈ መዝጋቢው አር51 ከመስጠት በቀር ምርጫ የለውም፤ በዚያች ቅጽበት ታማሚው ከሚሊዮኖች ጋር ይቀላቀላል።

«መድኃኒት አልሰማ ያለ» የሚለው ክፍል ከዚህም የጠበቀ ነው። አሜሪካኖች ዐሥረኛውን እትም ለራሳቸው ሲያሰፉት በመጨረሻ አንዲት አኃዝ ጨመሩ፤ ሥር የሰደደው ክላስተር ሕክምና ካልበገረው ጂ44.021፣ ከበገረው ጂ44.029 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ቅጂ ይህ ልዩነት የለውም። አኃዟ ግን ትርጉም የምትሰጠው «አልበገረውም» ለማለት ምን እንደሚያበቃ ከተወሰነ ብቻ ነው። የአውሮፓ የራስ ምታት ፌዴሬሽን በ2014 ያወጣው ስምምነት ይህን ለመወሰን ሞከረ፤ ቢያንስ ሦስት የመከላከያ መድኃኒቶች በበቂ መጠን በተከታታይ ተሞክረው፣ ሕመሙ ግን በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ በርትቶ ከመጣ ነው። ልብ በሉ፤ መስፈርቱ ስለ ታማሚው አካል የሚናገረው ጥቂት ነው። አብዛኛው ስለ ቀድሞ ሕክምናው የተጻፈ ነው፤ የትኛው መድኃኒት፣ በስንት ሚሊግራም፣ ለስንት ጊዜ። ካርዱ ከጠፋ ወይም ባዶ ከሆነ በዓለም ላይ ያለ የትኛውም ፕሮፌሰር ያንን አኃዝ በሐቅ ሊጽፈው አይችልም።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሟ አለ። በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከአገር ውስጥና ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ከ60,000 በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት አስጠይቀው የነርቭ በሽታዎችን ቆጠሩ። በብዛት ከተገኙት መካከል የሚጥል በሽታ፣ ከፖሊዮ የተረፈ ሽባነትና በአብዛኛው በሥጋ ደዌ የመጣ የነርቭ ጉዳት ነበሩ። ከዚያ ጥናት የራስ ምታቱ ክፍል በ1995 ታተመ፤ ዕድሜያቸው 20 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 15,500 ሰዎች መካከል ማይግሬን 3 በመቶ፣ ሥር የሰደደ የውጥረት ራስ ምታት 1.7 በመቶ ሲሆን ክላስተር የተገኘባቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ካርል ኤክቦም፣ የካርል-አክሰል ልጅ፣ ሊቲየምን ለክላስተር በመሞከር የሚታወቀው ሐኪም ነበር። ይህን ሕመም አሳምሮ የሚያውቅ ሰው አብሮ እያለ ቁጥሩ ማነሱን በሁለት መንገድ ማየት ይቻላል፤ ሕመሙ በእርግጥ ብርቅ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በአንድ ጊዜ ጥያቄ የማይያዝ፣ ወቅት እየጠበቀ የሚሰወር ሕመም ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ በእነ ዶክተር መሂላ ዘበኒጉሥ የታተመው አገር አቀፍ ጥናት ማይግሬንን 17.7 በመቶ አደረሰው። ሦስትና አሥራ ሰባት ይህን ያህል የተራራቁት ሕዝቡ ስለታመመ ብቻ አይመስለኝም፤ የአጠያየቁ ዘዴ ተለውጧል። ማይግሬንን የሚያህል ብዙ ሰው የያዘ ሕመም በአጠያየቅ እንዲህ ከተለወጠ፣ የክላስተር ጥቂት ቁጥር እንደ መጨረሻ ቃል ሊወሰድ አይገባም።

ወደ ዘነበወርቅ እንመለስ። ሰፈሩ የተጠራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሐኪም ቶማስ ላምቢ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ያቆመው ነበር። ከተማዋ ያኔ እዚያ አልደረሰችም፤ ታማሚዎች ከየክፍለ ሀገሩ በእግርና በአጋሰስ እየመጡ በዙሪያው ሰፈሩ፤ ሰፈሩ የተመሠረተው በእነሱ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የመላ አፍሪካ ማሠልጠኛ በዚያው ተቋቋመ፤ በ1970 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ በጎኑ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ።

የዚያ ዘመን መድኃኒት ዳፕሶን ነበር። ርካሽ ነው፣ በአፍ ይዋጣል፣ ሚሊዮኖችን አድኗል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ግን ለዓመታት ዳፕሶን ሲወስዱ የነበሩ አንዳንድ ታማሚዎች ቆዳ ላይ አዲስ እባጭ መታየት ጀመረ። ለዚህ ቀላሉ ማብራሪያ «ክኒኑን አልዋጡም» የሚለው ነበር፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነበር። የአለርት ሐኪሞች ይህን ማብራሪያ እንደ መልስ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ያዙት። የዘመኑ አሠራር ታማሚው ሙሉውን መጠን በሠራተኛ ፊት ለወራት እንዲወስድ ማድረግ ነበር፤ ከዚያም ከቆዳው የተወሰደ ናሙና ወደ ለንደን፣ ወደ ሪቻርድ ሪስ ላቦራቶሪ ይላካል። እዚያ ባክቴሪያው በአይጥ የውስጥ እግር ይወጋል፤ የከፊሎቹ አይጦች መኖ ውስጥ የተመጠነ ዳፕሶን ይገባበታል፣ የሌሎቹ መኖ ውስጥ አይገባም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታልና ውጤቱ የሚታወቀው ከግማሽ ዓመት በኋላ ነው። ዳፕሶን እየበሉ ባክቴሪያው በእግራቸው ከተራባ፣ ያኔ፣ ያኔ ብቻ፣ «መድኃኒት የተላመደ» ተብሎ ይጻፋል። ጆን ፒርሰንና ባልደረቦቹ በ1976 የኢትዮጵያን ሁኔታ አሳተሙ፤ በ1977 ደግሞ ከዚህ በፊት ዳፕሶን ቀምሰው በማያውቁ ታማሚዎች ላይ የተላመደ ባክቴሪያ መገኘቱን የሚያሳይ፣ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነ ጽሑፍ ከዚሁ ከዘነበወርቅ ወጣ። እንዲህ ያሉ ማስረጃዎች ተጠራቅመው ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሁለት ወይም ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ እንዲሰጥ የመከረው። በአንድ ታማሚ ካርድ ላይ በጥንቃቄ የተጻፈ «አልሰማ አለ» የዓለምን ሕክምና ለመለወጥ ድርሻ ነበረው።

ይህን ንጽጽር የሚቃወም ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ክርክር ጠንካራ ነው፤ ሥጋ ደዌ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ባክቴሪያ አለው፣ ራስ ምታት ግን ከታማሚው ቃል በቀር ምስክር የለውም፤ «የተላመደ» የሚለው ቃልም አይሠራለትም፣ የሚላመድ ነፍስ ያለው ነገር የለምና። በቃሉ ላይ እስማማለሁ፤ ለክላስተር «የማይበግረው» ወይም «አልሰማ ያለ» ይሻላል። ምስክር የለውም በሚለው ግን አልስማማም፤ ምክንያቱም በዘነበወርቅ ከባክቴሪያው ሌላ የነርቭ ካርድም ነበረ። ባለሙያው የታማሚውን እጅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይንህን ጨፍን ብሎት፣ መዳፉን በየነጥቡ በስሱ ይነካል፤ ታማሚው የተነካበትን ቦታ በሌላ እጁ ጣት ያመለክታል፤ ካመለከተ አንድ ምልክት፣ ካላመለከተ ሌላ ምልክት በወረቀቱ ላይ በተሳለው መዳፍ ላይ ይደረጋል። ይህ ከታማሚው ቃል በምን ይለያል? ይሰማኛል ወይም አይሰማኝም ማለት እኮ ነው። ማስረጃ ያደረገው ሁሌ በአንድ ዓይነት ዘዴ መጠየቁና በተወሰነ ጊዜ መደጋገሙ ነው። ከ1988 ጀምሮ 594 ታማሚዎችን እስከ ዐሥር ዓመት የተከታተለው የአለርት የመስክ ጥናት የቆመው በእንዲህ ያለ ካርድ ላይ ነው፤ ነርቭ መቼ እንደሚጎዳና ፕረድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት መቼ እንደሚያድነው ለማወቅ የረዳውም ያ ነው። ያው ፕረድኒሶሎን ዛሬ የክላስተርን ወቅት ለአጭር ጊዜ ለማስታገስ ይታዘዛል፤ መቼ እንደ ተጀመረና መቼ እንደ ቆመ የሚጽፍ ካርድ ግን አብሮት አልመጣም። የክላስተር ታማሚም የተነሣበትን ሰዓት፣ የቆየበትን ደቂቃ፣ የቀላውን ዓይን በደብተር ቢይዝ፣ ቤተሰቡም በሕመሙ ሰዓት ፊቱን በስልክ ቢያነሣው፣ ያ ከመዳፉ ካርድ የሚያንስ ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቅድሚያ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ የእናቶች ሞትና የምግብ እጥረት ባለበት አገር ከሺህ አንድ ሰው ለሚይዝ ራስ ምታት ማን ጊዜ አለው? በአንድ ቀን ብዙ ሰው የሚያይ ጤና መኮንን ስለዚህ ቢያማርር እውነት አለው። ሆኖም ከሺህ አንድ የሚለው የዓለም ግምት ለእኛም ከሠራ፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ ከመቶ ሺህ የማያንስ ሰው ማለት ነው፤ ባይሠራም አለመሥራቱን የምናውቀው መዝግበን ነው። በሌላ በኩል የሚጠየቀው ሥራ አዲስ ክፍል መክፈት አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የበሽታዎች ዓለም አቀፍ መለያውን ዐሥራ አንደኛ እትም ለአገር እንዲመች አሳጥሮ አዘጋጅቷል፤ ካርድ ክፍሉም፣ መዝገቡም፣ ኮምፒውተሩም አለ። የሚጨመረው «ራስ ምታት» በሚለው ቃል ፋንታ አራት መስመር ነው፤ በየትኛው ወገን፣ ስንት ደቂቃ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ዓይንና አፍንጫ ምን ሆኑ። የነርቭ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ገና በ2006 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ ጥቂቱን ስፔሻሊስት የሚያገኘው ታማሚ ይዞት የሚሄደው ወረቀት ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ዋጋ አለው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ በግማሽ እቀበለዋለሁ። ዘነበወርቅ የስምን ጉዳት ከማንም በላይ ያውቃል፤ በመዝገብ የተጻፈ ስም ከሆስፒታሉ ወጥቶ በሰፈሩ ላይ ተለጠፈ፣ «ዘነበወርቅ ነው የምኖረው» ማለት ራሱ ሥራ የሚያሳጣበት ጊዜ ነበር። «የማይበግረው» የሚል ኮድም በራስ ምታት ታማሚ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሊያደርግ ይችላል፤ ቀጣዩ ሐኪም ያንን አንብቦ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይም ሰውየው ሱሰኛ እንደሆነ ይጠረጥራል። የዚህ ሥጋት መፍትሔው ስሙን መተው ነው አልልም። ማስረጃ የሌለው «አልሰማ አለ» ነው አደገኛው። በዳፕሶን ዘመን ባክቴሪያው እንዲላመድ ካደረጉት ነገሮች መካከል መጠኑ ማነሱና አወሳሰዱ መቆራረጡ ነበሩ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከታማሚው ይልቅ የሕክምናው ነበር፤ ያንን ያጋለጠው ደግሞ መዝገቡ ነው። በራስ ምታትም ዕለት ዕለት የሚዋጥ ማስታገሻ ራሱ ራስ ምታት ሆኖ የሚመለስባቸው ሰዎች አሉ፤ ካርዱ በሳምንት ስንት ክኒን እንደሚዋጥ ካልያዘ እነዚህም «የማይበግራቸው» ተብለው ይቆጠራሉ።

ማስረጃ የሌለው «አልሰማ አለ» ለሚያስከትለው ምሳሌ ኦክስጅንን እንውሰድ። በ2009 በለንደን በተሠራ ጥናት ንጹሕ ኦክስጅን በደቂቃ 12 ሊትር ለ15 ደቂቃ በማስክ የሳቡ የክላስተር ታማሚዎች ከ100 ጊዜ 78ቱን ሕመሙ ለቀቃቸው ወይም በቂ እፎይታ አገኙ፤ ተራ አየር ሲሰጣቸው 20 ጊዜ ብቻ። ርካሽ ነው፣ ለሌላ ሕመም ተብሎም ቢሆን በብዙ ሆስፒታሎች ይገኛል። አሁን አንድ የክላስተር ታማሚ ድንገተኛ ክፍል ደርሶ፣ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ተደርጎለት፣ ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ተለቅቆለት፣ ሕመሙ ሳይተወው ነጋ እንበል። ካርዱ ላይ «ኦክስጅን ተሰጥቶት አልተሻለውም» ተብሎ ከተጻፈ፣ ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ኦክስጅንን ከሚሞከሩት ይሰርዘዋል፤ ሰውየው በስህተት ወደማይበግረው ሕመም ተሸጋገረ። «በአፍንጫ ቱቦ፣ 3 ሊትር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ 40 ደቂቃ፣ ግራ ዓይን ቀልቶ ያነባል» ተብሎ ከተጻፈ ግን ቀጣዩ ሐኪም ማስኩን አንሥቶ መክፈቻውን እስከ 12 ሊትር ያዞረዋል።